የሚስማሩ ሠርግ

ተማሪ ቤት የተሸመደደ ኬሚስትሪ ከፈተናው ማግሥት ጀምሮ መትነን ይጀምራል። ሞል ምን ነበር? ተነነ። ቫሌንሲስ? እሱም ተነነ። አንድ ነገር ግን ከጭንቅላት አልወጣም ይላል፤ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረውን የባንክ ሠራተኛ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ከላይ እስከ ታች ያወርደዋል፤ አንድ ስም አይዘልም። ዓይኑን ማሻሸት የሚጀምረው «ለመሆኑ ይሄ ዝርዝር ምን ያደርጋል?» ስትሉት ነው።

ዝርዝሩ የብረታ ብረት የንቃት ተራ ነው። ከላይ ያሉት ከሌላ ነገር ጋር ለመዋሃድ የሚጣደፉ፣ ከታች ያሉት ደግሞ ማን መጣ ማን ሄደ ሳይሉ የሚቀመጡ ናቸው። ሕጉ አንድ መስመር አይሞላም፤ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ከውህዱ አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፤ ከታች ያለው ግን ከላይ ያለውን አይነካም። ፈተና ላይም ይኸው ይመጣል። «መዳብ ዚንክ ሰልፌት ውስጥ ቢነከር ምን ይሆናል?» መልሱ «ምንም አይሆንም» ነው። ችግሩ ለተማሪ «ምንም» ብሎ መጻፍ ወረቀቱን ባዶ ከመተው አይለይበትም። ስለዚህ ብዙው ፈርቶ በዓለም ላይ የሌለ አጸግብሮት ፈጥሮ፣ ግራና ቀኙን አመጣጥኖ ያስረክባል። ማመጣጠኑ ልክ ነው፤ ነጥቡ ግን የለም።

ነገሩን በዓይኑ ያየ ተማሪ ጥቂት ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማለት መስኮቱ በጋዜጣ የተሸፈነ፣ ቁልፉም ዛሬ ባልመጣ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ስለዚህ ልጁ ቀለሙን ሳያይ ቀለሙን ይሸመድዳል፤ «ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ ሚስማሩ ቀይ ቡናማ ይለብሳል።» ዕድለኛው ግን ያያል። መምህሩ ሚስማሩን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፤ በኮፐር ሰልፌት ሰማያዊ በሆነ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ እስኪሆን ድረስ ስም ይጠራሉ፣ የቤት ሥራ ያያሉ፣ ወሬኛውን ወደ ፊት ወንበር ያመጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ሚስማሩ እስከተነከረበት ድረስ መዳብ ለብሶ ይገኛል። ቆይቶ ደግሞ ውሃው ሰማያዊነቱን ጥሎ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ይጠጋል።

ይህን የሚያስረዱበት ተረት ከመምህር መምህር ብዙም አይለያይም። መዳብ ከሰልፌት ጋር ተጋብቶ በሰላም ይኖር ነበር። አንድ ቀን ብረት የሚባል ጉልበተኛ ጎረምሳ መጣና መዳብን ከቤቱ አስወጥቶ ሰልፌትን አገባት። ክፍሉ ይስቃል። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር፣ ዚንክ ቢመጣስ?» ይላል። «ብረትን ያስወጣዋል!» «ማግኒዚየም ቢመጣስ?» «ዚንክንም!» ደወሉ እስኪደወል ድረስ ምስኪን ሰልፌት የማታውቀው ባል አይቀራትም።

ተረቱ ለፈተና ይበቃል። ጉድለቱ አሸናፊውን መሳቱ ነው። ሠርጉ ሲያልቅ ሙሽራው የት አለ? ሚስማሩን አውጥቶ፣ መዳቡን ጠርጎ ማየት ይበቃል፤ ሳስቷል። «አገባ» የተባለው ብረት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ደብዛው የለም። «ተባረረ» የተባለው መዳብ ደግሞ በራሱ መልክ፣ በራሱ ቀለም፣ ንጹሕ መዳብ ሆኖ ሚስማሩ ላይ ጉብ ብሏል። የሆነው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዷ የብረት አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ለመዳብ ትሰጥና ራሷ ወደ ውሃው ትገባለች፤ መዳብ ሁለቱን ተቀብሎ ከውሃው ይወጣል። ሰልፌትማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆማ ተመልካች ነበረች። ማንንም አላገባችም፣ ማንንም አልፈታችም፣ ስሟ ብቻ ነው የጠፋው።

በዚህ ዝርዝር ላይ «ኃይለኛ» የሚባለው እንግዲህ ያለውን ቶሎ የሚሰጥ፣ ሰጥቶም የሚያልቅ ነው። «ደካማ» የተባለው ተቀባይ ነው፤ ተቀብሎ ይቀመጣል። ይህን ገልብጦ የያዘ ሰው ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ መርከብ ሲሠራ ወይም ጣሪያ ሲመታ ግን ይከፍላል።

ሰው ይህን ጉድ ያየው ኤሌክትሮን የሚባል ነገር መኖሩን ከማወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ሊቅ ሼን ኩዎ ስለ አንድ መራራ ምንጭ ጽፏል። ውሃው ሲፈላ መዳብ ይገኝበታል፤ የሚፈላበት የብረት ድስትም ከጊዜ ብዛት ራሱ ወደ መዳብ ይለወጣል ይላል። የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሹማምንት በነገሩ ከመገረም አልፈው ሥራ ፈጠሩበት። ሳንቲም ለማውጣት መዳብ ያስፈልግ ነበርና ብረት እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፉ፣ የለበሰውን መዳብ እየፋቁ ማቅለጥ ያዙ።

አውሮፓ ውስጥም ነገሩን ያየ ብዙ ነው፤ እዚያ ግን አልኬሚስቶቹ ቀደሙበት። ብረት ወደ መዳብ ከተለወጠ መዳብስ ወደ ወርቅ የማይለወጥበት ምን ምክንያት አለ? ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር፣ ሽፓንያ ዶሊና በተባለች የማዕድን መንደር፣ ከጉድጓዱ በሚወጣው ውሃ ብረት እየዘፈዘፉ ያገኙትን መዳብ ዋንጫ ያደርጉት ነበር። ዋንጫው ላይም ቀድሞ ብረት እንደነበረ የሚናገር ጽሑፍ ይቀርጹበታል። አሁን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሻጮቹን ውሸታም ለማለት ያስቸግራል፤ በእርግጥም ብረት ገብቶ መዳብ ወጥቷል። የጠፋው «ብረቱ ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ነው።

ከዝርዝሩ አናት ያሉት ደግሞ ችኮላቸው የባሰ ነው። ያላቸውን ላገኙት ሁሉ ስለሚያድሉ በተፈጥሮ ብቻቸውን ቆመው አይገኙም፤ ሁልጊዜ የሆነ ጨው፣ የሆነ ድንጋይ፣ የሆነ አመድ ውስጥ ናቸው። ፖታሲየምን ለብቻው ለማየት እስከ 1807 መጠበቅ ግድ ሆነ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃምፍሪ ዴቪ ለንደን ውስጥ የቀለጠ ፖታሽ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት፤ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ እንክብሎች ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹም ወዲያው ነደዱ። ረዳቱና ዘመዱ ኤድመንድ ዴቪ እንደመሰከረው ሳይንቲስቱ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ክፍሉ ውስጥ ይዘል ነበር። በቀናት ልዩነት ሶዲየም ተከተለ፤ በዓመቱ ካልሲየምና ማግኒዚየም መጡ።

ሶዲየምና ፖታሲየም ዛሬም የሚቀመጡት ላምባ ወይም ሌላ ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፈው ነው። ላምባ ለሌላው ሁሉ የእሳት ቀለብ ነው፤ ለእነዚህ ሁለት ግን ከእሳት መሸሸጊያ ሆነ። የሚፈሩት አየርና ውሃን ነው። ቁራጭ ሶዲየም ውሃ ላይ ሲጣል በራሱ ሙቀት ቀልጦ ይድቦለቦላል፤ እየፏጨ ገጹ ላይ ይሯሯጣል። ፖታሲየም ሐምራዊ ነበልባል ይጨምርበታል። ይህ በትንሹ ነው። አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፋቸው ሶዲየም ማስቀመጫ ጠፍቶለት በ1947 ዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ሌኖር ሐይቅ ወሰዱት፤ በርሜሎቹን ከገደል አፋፍ እያንከባለሉ ውሃው ውስጥ ለቀቋቸው። ሐይቁ ወደ ሰማይ ተነሣ። ይህን ሁሉ በፊልም መቅረጻቸው ደግሞ የኬሚስትሪ መምህራንን ለዘላለም ጠቀመ፤ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪ ሳያንቀላፋ የሚያየው ፊልም ነው።

አሉሚኒየም የዝርዝሩ አስመሳይ ነው። በተራው መሠረት ከዚንክም ከብረትም በላይ ነው፤ ከብረት ቀድሞ መበላት ነበረበት። ኩሽና ውስጥ ያለውን ድስት ግን እዩት። ውሃ ይፈላበታል፣ ሽሮ ይንተከተክበታል፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ምንም አይሆንም። ምስጢሩ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ነው፤ ውፍረቱ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው የሚቆጠረው። አየር በነካው ቅጽበት ስለሚለብሰው እመቤቲቱ በሽቦ ፈግፍጋ፣ አሁን ገና ሥጋው ወጣ ስትል ድስቱ ሌላ ልብስ ለብሶ ጨርሷል። ለዚህ ነው ኮፐር ሰልፌት ውስጥ የተነከረ የአሉሚኒየም ቁራጭ ተማሪውን አፍጥጦ የሚያየው። መምህሩ ቆንጥር የገበታ ጨው ጣል ሲያደርጉበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክሎራይዱ ልብሱን ይቀደዋል፤ ፈሳሹ ይሞቃል፣ ይንተከተካል፣ ቀዩ መዳብ ይዘረገፋል።

ይህንኑ ሙከራ ሳያውቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ከእንግዳ የተረፈ ቀይ ወጥ በማይዝግ ብረት ሳህን ተደርጎ፣ በፎይል ተሸፍኖ ያድራል። ፎይሉ ወጡንም የሳህኑንም ከንፈር ነክቶ ካደረ፣ በማግሥቱ ብርሃን ላይ ሲያዩት በጥቃቅን ቀዳዳ ተወጋግቶ ይገኛል። «በርበሬው ነው የበሳው» ይባላል። በርበሬው ንጹሕ ነው። ጨውና ቲማቲሙ መንገድ ሆነው፣ ሳህኑ ተቀባይ፣ ፎይሉ ሰጪ ሆኖ አድረዋል። ፎይሉ ከወጡ በላይ ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አሉሚኒየም በዚህ ሰጪነቱ የተነሣ ከውህዱ ማላቀቁ ስለሚያስቸግር ለዓመታት የነገሥታት ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ደቪል በ1854 ከክሎራይዱ ያወጣው በዚያው በትምህርት ቤቱ ሕግ ነው፤ ከዝርዝሩ አናት ሶዲየምን አምጥቶ ለአሉሚኒየም ኤሌክትሮን አሰጠው። ሶዲየም ግን ርካሽ አልነበረም። በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ የተቀመጠው አሉሚኒየም 2.8 ኪሎ ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ በጊዜው ግን የጌጥ ሱቅ መስኮት ውስጥ ለሕዝብ የታየ ብርቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ ሁለቱም በ1863 የተወለዱ፣ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ማውጣቱን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ብርቁ ብረት ድስት ሆኖ ገበያ ወጣ።

የልግስናው ልክ የሚታየው ግን የብረት ዝገት ሲያገኝ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ ጎልድሽሚት በ1895 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዘዴ የአሉሚኒየም ዱቄትን ከብረት ኦክሳይድ ጋር ቀላቅሎ መለኮስ ነው። አሉሚኒየሙ ኦክስጅኑን ይወስዳል፣ ብረቱ ነጻ ይወጣል፤ ሙቀቱ 2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚደርስ የሚወጣው ብረት ቀልጦ ይፈሳል። በ1899 ኤሰን ከተማ የትራም ሐዲድ በዚህ ተበየደ፤ ዛሬም በብዙ አገር ሐዲድ የሚጋጠመው እንዲህ ነው። ድስት ሆኖ ዝም ያለው አሉሚኒየም ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያደርገው።

ነገሩ ወደ ባሕር ሲወርድ ገንዘብ ያስከፍላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት መርከብ ጠላት መድፍ ብቻ አልነበረም። የባሕር ትል እንጨቱን ይቦረቡረዋል፤ አልጌና ዛጎላም ተለጣፊ ፍጥረት ከሥሩ ሰፍሮ መርከቡን ያዘገየዋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 አላርም የተባለችውን መርከብ ከውሃ በታች ያለ ገላዋን ስስ የመዳብ ዝርግ አልብሶ ወደ ካሪቢያን ሰደዳት። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ መዳቡ ትሉንም ተለጣፊውንም አላስጠጋ አለ። ችግሩ መዳቡ የተመታው በብረት ሚስማር መሆኑ ላይ ነው።

በ1763 ስትፈተሽ መዳቡ ደህና ነው፤ ሚስማሮቹ ግን በየቦታው ተበልተዋል። ብረቱና መዳቡ ተነካክተው፣ ጨዋማ ውሃ አጥልቋቸው፣ ብረቱ ለሁለት ዓመት ሲሰጥ ከርሟል። የሚያስገርሙት ከጥፋቱ የተረፉት ሚስማሮች ናቸው። መዳቡ ከፋብሪካ የመጣው በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን አጥርቶ ሳይልጥ ሚስማሩን መታበት። በሚስማሩና በመዳቡ መካከል ያቺ ብጣሽ ወረቀት በቀረችበት ሁሉ ሚስማሩ ደህና ተገኘ። ሥራውን ጠንቅቆ የሠራው ሰው ሚስማር ተበላ፤ የሰነፉ ሚስማር ቆመ። በባሕር ኃይል ታሪክ ለስንፍና ምስክር የሆነ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል።

ስልሳ ዓመት አልፎ ያው ዴቪ፣ ሲዘል የነበረው፣ ወደ ነገሩ ገባ። አሁን ሚስማሩ ተቀይሯል፤ መዳቡ ራሱ ግን በባሕር ውሃ እየሳሳ ያስቸግራል። ዴቪ በ1824 ያቀረበው መፍትሔ ከዝርዝሩ በቀጥታ የተቀዳ ነው፤ መዳቡ ላይ ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት ለጥፉበት፤ እሱ ይስጥ፣ መዳቡ ይረፍ። ተለጠፈ። መዳቡ አረፈ። ሳማራንግ የተባለችው መርከብ ባሕር ተሻግራ ስትመለስ መዳቧ እንደተመታ ነው የተገኘው።

ከሥሯ ግን ዛጎላሙ ሁሉ ሰፍሮባት መጣች። ለካ መዳብ ተለጣፊውን ያባርር የነበረው እየሟሟ መርዝ በመሆን ነው! መሟሟቱን ሲተው መርዝነቱንም ተወ። ዴቪ በኬሚስትሪው አንድ ስህተት አልነበረበትም፤ የመርከብ ካፒቴን ግን ትክክለኛ ኬሚስትሪ ይዞ በዝግታ ከመሄድ የሚሳሳ መዳብ ይዞ መፍጠንን ይመርጣል። ባሕር ኃይሉ ብዙም ሳይቆይ መከላከያውን ከመርከቦቹ አስነቀለ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ የብረት መርከብ ከውሃ በታች ያለ አካሉ ላይ የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ጡብ ተደርድሮበት ነው የሚሄደው፤ ሲያልቅ ይቀየራል።

ባሕር የሌለው አገር ሰው «ይሄ ለእኔ ምኔ ነው?» ሊል ይችላል። ቀና ይበልና ጣሪያውን ይይ። ቆርቆሮ ማለት ዚንክ የለበሰ ስስ ብረት ነው። ብረትን በማሽን ሸንሽኖ የማጠንከሩን ሐሳብ በ1829 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ፓልመር የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ብረትን ቀልጦ በተዘጋጀ ዚንክ ውስጥ መንከሩን ደግሞ በ1837 ፈረንሳይ ውስጥ ስታኒስላ ሶሬል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚታየው አበባ አበባ መልክ የዚንኩ ክሪስታል ነው። የዚንኩ ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ ነው የሚለካው።

ቆርቆሮ መቺው በመቀስ ሲቆርጠው፣ በቆርቆሮ ሚስማር ሲበሳው፣ ሲረግጠውና ሲጭረው ብረቱ በየቦታው ይራቆታል። ቀለም ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ከዚያች ጭረት ተነሥቶ ከሥር ይሰፋ ነበር። ዚንክ ግን አጠገቡ ያለውን የተራቆተ ብረት ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ኤሌክትሮኑን እሱ ይሰጣል፣ እሱ ይበላል። ብረቱ ቀይ መልበስ የጀመረበት ክረምት እንግዲህ ዚንኩ እዚያ ቦታ ላይ ሰጥቶ የጨረሰበት ክረምት ነው። «ቆርቆሮው ፎርጅድ ነው» ብሎ ነጋዴውን ከመራገም በፊት ስንት ክረምት እንዳሳለፈ መቁጠር ይገባል። በእርግጥ ዚንኩ የተቆጠበበት ቆርቆሮም ገበያው ላይ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ እርግማኑ በቦታው ነው።

የቲማቲም ድልህ ጣሳ የዚህ ግልባጭ ነው። ጣሳው ላይ ያለው ልባስ ዚንክ አይደለም፤ በሙሉው ዝርዝር ከብረት በታች የሚገኘው ቲን ነው። እስካልተጫረ ድረስ ግሩም ጠባቂ ነው። አንዴ ተጭሮ ደጅ ከተጣለ ግን ሰጪው ብረት፣ ተቀባዩ ልባሱ ይሆናል፤ ጣሳው ባዶ ብረት ከሚዝግበት ፍጥነት በላይ ይዝጋል። ሁለቱም ብር የመሰሉ ልባሶች ናቸው፤ አንዱ ከብረት በላይ፣ አንዱ ከብረት በታች መሆኑ ብቻ ነው ጣሪያን ከጣሳ የለየው። የዚህ ወግ ጸሐፊ ቢጠየቅ ኖሮ ፈተና ላይ የሚወጣው ይህ ጥያቄ ነበር።

በዚህ የተጎዳው ድሃ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1886 ኒው ዮርክ ላይ የተመረቀው የነጻነት ሐውልት ቆዳው 2.4 ሚሊሜትር የሚሆን መዳብ፣ አጥንቱ ብረት ነው። መሐንዲሶቹ ሁለቱ መነካካት እንደሌለባቸው ያውቁ ነበርና በመካከላቸው ሙጫ የጠጣ አስቤስቶስ አደረጉ። እሱ በጊዜ ብዛት አለቀ። ብረቱ ዝጎ አበጠ፣ መዳቡን የያዙትን ማሠሪያዎች ገፍቶ ነቀላቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታላቅ ወጪ የብረት ጅማቶቹ በማይዝግ ብረት ተተኩ። ከአላርም ሚስማር ሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው።

ሬዲዮ ያለው ገጠሬ ደግሞ ይህን ኬሚስትሪ በእጁ ይዞ ኖሯል። የተለመደው የባትሪ ድንጋይ የውጭ ቆርቆሮው ዚንክ ነው፤ ኤሌክትሮኑን እየሰጠ ዜናውንም ዘፈኑንም የሚያሰማው ያ ቆርቆሮ እየተበላ ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጠርዙ በጥርስ ይነከሳል፤ ለአንድ የዜና ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራል። ዚንኩ ካለቀ ግን ፀሐይም ጥርስም አይመልሰውም። ሪሞት ውስጥ ተረስቶ የሚያፈሰው ድንጋይም ቆርቆሮው በልግስና ተበስቶ ነው።

ከዝርዝሩ ግርጌ የተቀመጠው ወርቅ ለማንም የማይሰጥ ነው። የሻኪሶና የቤንሻንጉል ወርቅ አጣቢ ከወንዝ አሸዋ የሚለቅመው ወርቅ ሆኖ የተቀመጠ ወርቅ ነው፤ ብረትን ከድንጋዩ ለማውጣት የሚያስፈልገው ከሰልና ወናፍ እዚህ የለም። ወርቅ በእሳት ይፈተናል የተባለውም ስለማይፈራ ነው። ብር ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ቢልም ድኝ አይችልም፤ ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ መስቀል ከጊዜ በኋላ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ፎይል የተነጠፈበት ሳህን ውስጥ ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ አድርጎ ፎይሉን እንዲነካ ቢያስቀምጡት አሉሚኒየሙ ለብሩ ይሰጥለታል፤ ጥቁረቱ ሲለቅ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነገር ይመጣል። (ያረጀ ቅርስ ላይ ግን አይሞከር፤ በቅርጹ ውስጥ ያለው ጥቁረት የውበቱ አካል ነው።)

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ በ1940 ኮፐንሃገን ውስጥ ደግሞ የሰው ወርቅ ሊያስገድል ይችል ነበር። ጀርመናውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ማክስ ፎን ላውዌና ጄምስ ፍራንክ የኖቤል ሜዳሊያቸውን ከናዚዎች ለማሸሽ ወደ ኒልስ ቦር ተቋም ልከው ነበር። ከጀርመን ወርቅ ማስወጣት ከባድ ወንጀል ነበር፤ ሜዳሊያው ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም ተቀርጿል። ወራሪው ጦር ከተማዋ ሲገባ ጆርጅ ደ ሄቨሲ የተባለው ኬሚስት ልቅበረው ብሎ አስቦ ነበር፤ አልተስማሙበትም። ስለዚህ ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀላቅሎ ሁለቱንም አሟሟቸው። ሥራው ቶሎ አላለቀም፤ ወርቅ ነውና አልነቃነቅ ብሎ አስጨንቆታል። ናዚዎቹ ተቋሙን ሲፈትሹ ብርቱካናማ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ቆሞ አዩት፤ ማን ይነካዋል! ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ተመልሶ ወጣ፣ ስቶክሆልም ተልኮ ሜዳሊያዎቹ እንደገና ተቀረጹ። ወርቅ የተወሰደበትን ኤሌክትሮን የሚመልስለት ካገኘ ለመመለስ አያንገራግርም። በትላልቅ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎችም በሳያናይድ ከተሟሟ በኋላ ዚንክ ጨምረው የሚያወጡበት ዘዴ ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል። እዚያም ሟሚው ዚንክ ነው፤ ካዝና የሚገባው ወርቅ ነው።

ለአንባቢ የሚቀረው አንድ የቤት ሥራ ነው፤ እሱም መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የብረት ጋን ያለው ቦይለር በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የማግኒዚየም ዘንግ አለው። የዘንጉ ሥራ መሰጠት ነው፤ ጋኑ እንዳይዝግ በጋኑ ፋንታ ይበላል። ሲያልቅ የሚጮህ ደወል የለውም፤ ውሃው መሞቁን አያቆምም፤ ከዚያ ጋኑ ተራውን ይጀምርና አንድ ቀን ግድግዳው ርሶ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚመጣው ባለሙያ ጋኑ አይጠገንም፣ አዲስ ግዙ ነው የሚለው። ዘንጉ ግን ለብቻው ይሸጣል፤ ከአዲስ ቦይለር ጋር ሲተያይ ዋጋውም ትንሽ ነው። ቦይለራችሁ ከተሰቀለ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ፣ ውሃውን ዘግታችሁ፣ ባለሙያ ጠርታችሁ ዘንጉን አስወጡና እዩት። መሃሉ ላይ ያለው ሽቦ ብቻ ከቀረ ዛሬውኑ አስቀይሩት።